ቤዙን መስማት፦ በጣና ዳር የተከታተልኩት የ12 ሳምንት የጆሮ ሥልጠና

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን መምህሩ ቃል ይጠሩልን፣ እኛም በደብተራችን እንጽፍ ነበር፤ ስሙም የቃል ጽሕፈት ነበር። በሙዚቃ ትምህርትም የዚህ ዓይነት ፈተና አለ። መምህሩ በፒያኖ አራት ወይም አምስት ኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች) አከታትለው ይመታሉ፤ ተማሪው ምንም ኖታ ሳያይ የሰማውን በአምስቱ መስመር ላይ ይጽፋል፣ ከሥሩም እያንዳንዱ ኮርድ በስኬሉ፣ ማለትም በተራ በሚወጡት ድምፆች መሰላል፣ በስንተኛው ድምፅ ላይ እንደተሠራና በምን ቅርጽ እንደመጣ ያመለክታል። ይህ የሐርመኒ (የኮርዶች አካሄድ) ዲክቴሽን ይባላል። እኔ ለዓመታት በሠርግና በልዩ ልዩ ዝግጅት ላይ ኪቦርድ ስጫወት፣ ቲዎሪውንም ከመጽሐፍ ሳጠና ቆይቻለሁ፤ የተጻፈ ኮርድ ሲሰጠኝ እተነትናለሁ፣ ያው ኮርድ ከግድግዳ ማዶ ሲመታ ግን ምን እንደሆነ መናገር ይቸግረኝ ነበር። ይህን ጉድለት ለመሙላት ካለፈው መስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በባሕር ዳር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ የግል ማስተማሪያ ክፍል የተሰጠውን ሥልጠና ተከታትያለሁ። ልመዘግብ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ለሚያመነታ ሰው ይጠቅመው ዘንድ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ በድምሩ 24 ክፍለ ጊዜ፣ 36 ሰዓት መሆኑ ነው። ክፍያው በወር 1,800 ብር ነው። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ 88 ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ፣ አንድ ነጭ ሰሌዳና 12 ወንበሮች አሉት። ተማሪዎቹ 9 ነበርን፦ ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚዘጋጁ 3 ወጣቶች፣ በሆቴል የሚጫወቱ 2 ጊታር ተጫዋቾች፣ አንዲት የመዘምራን አሠልጣኝ፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ከዜማ ቤት የመጣ አንድ ዲያቆን እና እኔ።

የመጀመሪያው ቀን መምህሩ እርሳስ እንኳ እንድናወጣ አልፈቀዱም። ፒያኖው ላይ ተቀምጠው አንደኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውንና እንደገና አንደኛውን ኮርድ በዝግታ መቱና «አሁን የመጨረሻውን የታችኛውን ድምፅ አዚሙልኝ» አሉ። ዘጠኛችንም በአንድ አፍ የላይኛውን ድምፅ አዜምን። ደገሙት፤ አሁንም የላይኛውን አዜምን። በሦስተኛው ጊዜ አንደኛው ጊታር ተጫዋች ብቻ ወደ ታች ወረደ። መምህሩ አልተቆጡም፣ አልሳቁምም፤ የሥልጠናው የመጀመሪያ 3 ሳምንት በሙሉ ይህን ለማስተካከል እንደሚውል ነግረውን ቀጠሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ።

ስሕተታችን ከየት እንደመጣ ለመረዳት ያደግንበትን ሙዚቃ ማሰብ ያስፈልጋል። አዝማሪው ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ሲያጅብ መሣሪያው የሚከተለው ዘፋኙን ራሱን ነው፤ ያው ዜማ እዚህ በድምፅ፣ እዚያ በክር ጥቂት ተለዋውጦ ይሰማል እንጂ ከሥሩ የራሱ መንገድ ያለው ሌላ ድምፅ አይሄድም። የቤተ ክርስቲያን ዜማም እንዲሁ አንድ መስመር ነው። ስለዚህ ጆሯችን ዜማን በመከታተል እጅግ የሠለጠነ ነው፤ ከዜማው በታች ራሱን ችሎ የሚጓዝ ድምፅ እንዳለ ግን አልተማረም። ይህ በዲያቆኑ ላይ በጉልህ ታየ። እርሱ ከመምህሩ አፍ ዜማ እየተቀበለ፣ ይዘትና ደረት፣ ርክርክና ድፋት የሚባሉትን የድጓ ምልክቶች እያየ ያደገ በመሆኑ 16 ምት ያለውን ዜማ አንድ ጊዜ ሰምቶ ከነጌጡ ይመልሰው ነበር፤ ከመካከላችን በዚህ የሚተካከለው አልነበረም። የድጓው ምልክት የድምፁን ጉዞ፣ መጎተቱን፣ መውረዱንና መርገብገቡን የሚያስታውስ እንጂ የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ የሚለካ ስላልሆነ፣ ዜማው የሚኖረው በአድማጩ ትውስታ ውስጥ ነው፤ ትውስታው የበረታውም ከዚህ የተነሣ ነው። ቤዙን፣ ማለትም የኮርዱን የታችኛ ድምፅ፣ እንዲያዜም ሲጠየቅ ግን «የትኛውን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው እውነተኛ ነበር፤ ለእርሱ ኮርዱ አንድ ወፍራም ድምፅ ነበር።

መምህሩ የተከተሉት መንገድ እጅግ ቀላል ነው፤ የሥልጠናው ዋጋም በዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ቤዙን ብቻ ይመታሉ፣ እናዜመዋለን። ቀጥለው ቤዙን ጠንከር፣ ሌሎቹን ሦስት ድምፆች ለስለስ አድርገው ይመታሉ፣ አሁንም ቤዙን እናዜማለን። ከዚያ ሁሉንም እኩል ይመታሉ። በመጨረሻም የላይኛውን ጠንከር አድርገው ጆሯችንን ሊያስቱ ይሞክራሉ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ፣ ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም የታችኛውን ድምፅ ሳንስት እንይዝ ነበር። የምናዜመው በ«ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ፣ ቲ» ሲሆን ዶ የሚባለው ሁልጊዜ የስኬሉ መነሻ ነው፤ ስኬሉ ከየትም ቢጀምር ስሙ አብሮት ይንቀሳቀሳል። በቁጥር እንድናዜም አንድ ጊዜ ተሞክሮ ነበር፤ የእኛ ቁጥሮች ግን ከአንድ ፊደል በላይ ስለሆኑ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» እያሉ በፍጥነት ማዜም ምላስን ያስራል። ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዳሬዞ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጫጭሮቹን ስሞች ለተማሪዎቹ ማውጣቱ ምን ያህል ተግባራዊ እንደነበረ የገባኝ በዚያ ቀን ነው።

ቤዙን መያዝ ግማሹ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ቤዙ በስኬሉ ስንተኛ ድምፅ ላይ እንዳለ ያወቀ ተማሪ ሊሆኑ የሚችሉትን ኮርዶች ወደ ሁለት ወይም ሦስት ያጠብባል። ቤዙ ዶ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ኮርድ ነው። ሚ ላይ ከሆነ ያው አንደኛው ኮርድ በመጀመሪያ ግልባጩ፣ ማለትም መነሻ ድምፁ ሳይሆን ሁለተኛ ድምፁ ከታች ሆኖ፣ መጥቷል፤ ቲ ላይ ከሆነ አምስተኛው ኮርድ በመጀመሪያ ግልባጩ ነው። ሬ ላይ ሲሆን ሁለተኛውን፣ ወይም የሰባተኛውን የመጀመሪያ ግልባጭ፤ ላ ላይ ሲሆን ስድስተኛውን፣ ወይም የአራተኛውን የመጀመሪያ ግልባጭ መጠርጠር ያስፈልጋል። ሶ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል፤ አምስተኛው ኮርድ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከመዝጊያው ጥቂት ቀድሞ የሚመጣውና ወደ አምስተኛው የሚፈታው የአንደኛው ኮርድ ሁለተኛ ግልባጭ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቤዙ ቆሞ ከላዩ ሁለት ድምፆች አንድ አንድ ደረጃ ሲወርዱ ይሰማሉ። ቤዙ ከሶ ወደ ዶ ከዘለለ ሐረጉ ተዘግቷል፤ ከሶ ወደ ላ አንድ ደረጃ ከወጣ ግን መዝጊያው አታልሎናል፣ ስድስተኛው ኮርድ መጥቷል። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ በመጽሐፍ ሳነበው ግን ኮርዱ ከታወቀ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ይመስለኝ ነበር፣ ኮርዱን ለማወቅ የሚያገለግል መሣሪያ መሆኑን ያየሁት እዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ አንድ ልምምድ አለ። ቤዙ ፋ ላይ ሲሆን አራተኛው ኮርድ ነው ወይስ የሁለተኛው የመጀመሪያ ግልባጭ? ሁለቱ በቤዝ አንድ ናቸው፤ ከሦስቱ ድምፆቻቸውም ሁለቱን ይጋራሉ፤ የሚለያቸው አንዱ ዶ፣ ሌላው ሬ መያዙ ብቻ ነው። እኔ ይህን ልዩነት በግምት እጽፍ ነበር፤ ግማሹን እስታለሁ። መምህሩ ያስተማሩን፣ ኮርዱ ሲመታ በልባችን ዶን እንድናዜም ነው፤ ዶ በኮርዱ ውስጥ ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ አራተኛው ነው፣ ከጎኑ ካለው ሬ ጋር እየተፋጨ ከሻከረ ሁለተኛው ነው። በዚሁ መንገድ አንደኛውን ከስድስተኛው ለመለየት ሶን ማዜም ይበቃል። ይህ ብልሃት በስልክ ላይ ስለማመድ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ከየትም አላገኘሁትም። በስልክ የሚገኙት ልምምዶች አብዛኞቹ ሁለት ድምፅ አሰምተው መካከላቸው ያለውን ርቀት የሚጠይቁ ናቸው፤ እርሱም ጥቅም አለው፣ ይሁን እንጂ ያለ ስኬል የተሰማ ርቀት በስኬል ውስጥ የተሰማውን ድምፅ ሥራ አያስተምርም።

ጽሕፈቱ ሲጀመር እያንዳንዱ ምሳሌ አራት ጊዜ ይመታል። በመጀመሪያው ማንም አይጽፍም፤ ኮርዶቹ ስንት እንደሆኑና አዘጋጉ ምን ዓይነት እንደሆነ ብቻ ይያዛል። በሁለተኛው ቤዙ፣ በሦስተኛው የላይኛው ድምፅ፣ በአራተኛው የቀረው ይጻፋል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ቲዎሪ ምሁር ጋሪ ካርፒንስኪ የዲክቴሽንን ሥራ መስማት፣ በትውስታ መያዝ፣ መረዳትና መጻፍ ብለው በ4 ደረጃ ይከፍሉታል፤ የዚህ ክፍል ሥርዓት ከዚያ ጋር ይስማማል። ሙዚቃው ገና እየሄደ ለመጻፍ የሚቸኩል ተማሪ የጻፈውን ሲያይ ቀጣዩን ኮርድ ሳይሰማው ያልፋል፤ እርሳስ አስቀምጡ የሚለው ትእዛዝ በመጀመሪያ ጥብቅ ቢመስልም ትክክል ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እመጣለሁ፤ ዋናው ጉድለት ትምህርቱ ከእኛ ጆሮ አለመነሣቱ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል አብዛኞቻችን በተደጋጋሚ የምንስተው በአምስተኛው ኮርድ ላይ ሰባተኛ ድምፅ (ከሶ ሲቆጠር ሰባተኛ የሆነው ፋ) ሲጨመር፣ እንዲሁም ቤዙ ፋ ወይም ቲ ላይ ሲያርፍ ነበር። ለምን ይሆን ብዬ የራሴን ደብተር ስመረምር አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ሜጀር ትዝታ የሚባለው ቅኝት የተሠራበት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው፤ የጎደሉት ፋ እና ቲ ናቸው። የምዕራቡ ሐርመኒ ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው በእነዚሁ በሁለቱ ነው፤ ሰባተኛ ድምፅ በተጨመረበት በአምስተኛው ኮርድ ውስጥ ቲ ወደ ዶ ለመውጣት፣ ፋ ወደ ሚ ለመውረድ ሲሳቡ ነው ኮርዱ መፈታት ያለበት ሆኖ የሚሰማው። ስለዚህ በትዝታ ያደገ ጆሮ በሐርመኒ ውስጥ ባዕድ የሚሆንበት፣ ውጥረቱ ባለበት በዚያው ቦታ ላይ ነው። ይህን ክፍሉ አንድም ቀን አላነሣም፤ ስሕተቱን ያርማል፣ ምሳሌውን ይደግማል፣ መነሻውን ግን አያስረዳም።

የሚያስቆጨውም መፍትሔው ከቤታችን መኖሩ ነው። ሜጀር ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ቲ ነው፤ ፋም ቲም በውስጡ አሉ፣ ቲ ወደ ዶ፣ ፋም ወደ ሚ በግማሽ ድምፅ ርቀት ተጠግተው ይኖራሉ። ከ9 ተማሪዎች መካከል ባቲን ሳያንገራግር የማያዜም አንድም አልነበረም። መምህሩ በአራተኛው ሳምንት፣ ሰባተኛ ድምፅ ያለውን ኮርድ ከማስተዋወቃቸው በፊት፣ ባቲን አስዚመውን ከሥሩ ሶን በቤዝ ቢይዙልን ኖሮ ያ ውጥረት እንግዳ ሆኖ አይመጣብንም ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔና ማሲንቆ ተጫዋቹ ይህን ከክፍል በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሞክረነዋል፤ እርሱ ባቲን ይጫወታል፣ እኔ ከሥሩ ሶን አዜምና ዜማው ወደ ዶ ሲመለስ አብሬው ወደ ዶ እወርዳለሁ። ሁለት ምሽት ከተለማመድን በኋላ በክፍል ውስጥ ያንን ኮርድ ሁለታችንም መሳት አቆምን። ሐሳቡን ለመምህሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ በትሕትና አዳምጠውኛል፣ ለሚቀጥለው ዙር እንደሚያስቡበትም ተናግረዋል።

ሁለተኛው ጉድለት የቤት ሥራው ነው። በየሳምንቱ 10 ምሳሌዎች በድምፅ መልእክት ወደ ስልካችን ይላካሉ። በአራት ድምፅ ሐርመኒ ውስጥ ቤዙ እስከ 82 ኸርዝ (በሰከንድ 82 ንዝረት) ገደማ ይወርዳል፤ የእጅ ስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ጆሮ ከመሠረቱ በላይ የሚያጅቡትን ቀጫጭን ድምፆች ሰብስቦ የጎደለውን ቤዝ ሊገምት ይችላል፤ ክብደቱ ስለሚጠፋ ግን ከመካከለኛው ድምፅ ጋር ይምታታል። እንግዲህ ቤዝን ለመስማት የተዘጋጀ የቤት ሥራ ቤዙን በማያሰማ መሣሪያ ይሠራል ማለት ነው። እኔ እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ በክፍል ከምሠራው ይልቅ በቤት የምሠራው ለምን እንደሚበላሽ አላወቅሁም ነበር። የጆሮ ማዳመጫ ከገዛሁ በኋላ ልዩነቱ በአንድ ምሽት ታየ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ሊነግሩን ይገባ ነበር፤ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ፣ ገመድ ያለው ማዳመጫ እንኳ ከስልኩ ድምፅ ማጉያ እጅግ ይሻላል።

ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ወደ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኅ የአራት ድምፅ መዝሙሮች ተሻገርን። ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም፤ ለዚህ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ምንጭ አላውቅም፣ እያንዳንዱ ድምፅ ሊዘመር የሚችል ዜማ አለውና። መሸጋገሪያው ግን ገደል ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ምት አንድ ኮርድ ብቻ ስንሰማ ቆይተን፣ በድንገት በኮርዶቹ መካከል የሚያልፉ፣ የኮርዱ አባል ያልሆኑ ድምፆች ሞሉበት፤ እያንዳንዱን አላፊ ድምፅ አዲስ ኮርድ እያደረግን እንጽፍ ጀመር። ሁለት ሳምንት በከንቱ አለፈ ብል ማጋነን አይሆንም። መምህሩ በመጀመሪያ አላፊዎቹን ድምፆች አውጥተው ባዶውን ኮርድ፣ ቀጥለው ሙሉውን ቢያሰሙን ኖሮ በቀለለ ነበር፤ በ11ኛው ሳምንት ይህንኑ ማድረግ ሲጀምሩ ነገሩ ተቃና።

መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይቆማል፤ በ12 ሳምንት ውስጥ 3 ጊዜ ደርሶብናል፣ ከእነዚህም አንዱ ብቻ ተተክቷል። በወር 1,800 ብር ለሚከፍል ተማሪ ይህ ቀላል አይደለም፤ ባትሪ ያለው ትንሽ ኪቦርድ በተጠባባቂነት ቢኖር ችግሩ ይፈታል።

ውጤቱን በቁጥር ለሚጠይቅ፦ በመጀመሪያው ሳምንት በተሰጠን መለኪያ ከ50 ኮርድ 17 አገኘሁ፤ በመጨረሻው ሳምንት ከ50 ኮርድ 41። የላይኛውንና የታችኛውን ድምፅ አሁን አልስትም ለማለት እደፍራለሁ፤ የመካከለኞቹ ሁለት ድምፆች ገና ናቸው። ከዚህም በላይ የሚገርመኝ በሥራዬ ላይ ያየሁት ለውጥ ነው፤ በሠርግ ላይ አንድ ዘፋኝ የማላውቀውን ዘፈን ሲጀምር፣ ቀድሞ ዜማውን ተከትዬ ኮርድ እፈልግ የነበርኩት አሁን ቤዙ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ቀድሜ እሰማለሁ።

ይህን ሥልጠና ኖታ ማንበብ ለማይችል ሰው አልመክርም፤ ለንባቡ የሚሰጥ ጊዜ የለም፣ ከመካከላችን አንደኛው ጊታር ተጫዋች በዚሁ ምክንያት በሰባተኛው ሳምንት አቋርጧል። የኮርድ ስሞችንና ግልባጮችን በወረቀት ለሚያውቅ፣ በተለይም ለመግቢያ ፈተና ለሚዘጋጅ ወጣት ግን ገንዘቡ የሚገባው ነው። ሁለተኛው ዙር ከጥምቀት በኋላ ይጀምራል፤ ማይነር ስኬሎችንና ከስኬሉ ውጭ የሚበደሩ ኮርዶችን የሚይዝ በመሆኑ እኔም ተመዝግቤያለሁ። የሚመጣ ሰው ማዳመጫውንና ባለ መስመር ደብተሩን ይያዝ፤ ከ11 ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድሞ ደርሶም በሐይቁ በኩል ካሉት ወንበሮች በአንዱ ይቀመጥ፣ በመንገዱ በኩል ያሉት ወንበሮች ለባጃጅ ድምፅ የቀረቡ ስለሆኑ ቤዙ ከሞተሩ ጋር ይምታታል።